ሣራ ከየት መጣች?

አባዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። ቀኑን የምቆጥረው እኔ ነኝ። እማዬ «ጌታ ጋ ላለ ሰው ቀን አይቆጠርለትም» ትላለች። እኔ ግን ድሮም ስትልከኝ እርምጃዬን እየቆጠርኩ እንደምሄድ ታውቃለህ። ከሱቅህ እስከ ክር መሸጫው መቶ አርባ እርምጃ ነበር። አሁን መንገዱን አስፍተውታል። የሱቆቹ ረድፍ ፈርሶ ቦታው የእግረኛ መሄጃ ሆኗል። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ስወርድ በርህ የነበረበትን ቦታ ለማግኘት ከክር መሸጫው ተነስቼ እቆጥራለሁ። መቶ አርባ ላይ ስደርስ አዲስ የተተከለች ችግኝ አጠገብ እቆማለሁ። ሰው ታክሲ የምጠብቅ ይመስለዋል።

ቤት ውስጥ ብዙ ነገር አልተለወጠም። የስፌት መኪናህን አልጋዬ አጠገብ መስኮቱ ስር አስቀመጥነው። ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ መርገጫው ብቻውን ትንሽ ይነቃነቃል። እማዬ በመጀመሪያው ሳምንት አንሶላ አልብሳው ነበር። ግን አንሶላ ሲለብስ ጎንበስ ብሎ የተቀመጠ ሰው ስለሚመስል መልሳ ራሷ ገለጠችው። ለመጽሐፍህ ምርቃት ልትለብሰው መስፋት የጀመርከው ጥቁር ኮትም አንድ እጅጌ ብቻ እንደያዘ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እሱን ማንም አልነካውም።

ይህን የምጽፍልህ ግን የቤቱን ወሬ ልነግርህ ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ሠርቻለሁ። በስምህ ስለሠራሁት ከሁሉም በፊት ለአንተ መናገር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። አሁን ልሞክር።

ልቦለድህን እንዴት እንሠራው እንደነበር ትዝ ይለሃል? እጅህ ሥራ ላይ ስለሆነ የሚጽፈው አፍህ ነበር። ስልክህን በቁራጭ ጨርቅ በሰፋህለት ከረጢት ከትተህ ከመኪናው በላይ ምስማሩ ላይ ትሰቅለዋለህ፤ መቅጃውን ትጫነዋለህ፤ ከዚያ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋህ ታወራለህ። ባለቤቱ ሳይመጣ የቀረበትን ኮት በክንዱ ይዞ ባለቤቱን ቤት ለቤት ስለሚፈልግ ልብስ ሰፊ ታወራለህ። ሐሳብ ሲጠፋብህ መኪናው ይቆማል። ሲመጣልህ መኪናው ይነሳል። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ቤት ስገባ ቀረጻውን እየሰማሁ እጽፈዋለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ልጅ እንዴት ልቦለድ ትጽፋለች ብዬ ስፈራ «አንቺ አትጻፊ፣ ስሚ። የሰማሽውን ሁሉ አስቀምጪ፣ ምንም አታጣሪ» አልከኝ። እኔም እንዳልከኝ አደረግሁ። አንዷ ደንበኛ መሃል ገብታ «ይኸ ሱሪ ለፋሲካ ነው ወይስ ለዳግም ምጽአት ነው የሚደርሰው?» ያለችህን ሳይቀር ጻፍኩት። አንብበህ እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ፤ ከመጽሐፉም አላወጣኸውም።

ጋሽ ዘርጋው ያን ጊዜ ነው በዘንጋቸው እያነከሱ ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡት። «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አሉህ። «ከመጽሐፌ ጋር» አልካቸው። የመጽሐፍ አርታኢ መሆናቸውን ያን ቀን ነገሩህ። ብስራተ ገብርኤል ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አለቻቸው፤ የሰው ረቂቅ ያርማሉ፤ ልባቸው የወደደውን ደግሞ ራሳቸው ያሳትማሉ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በቴሌግራም ላክንላቸው። በሁለተኛው መምጣታቸው አትመውት፣ ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ አርመውት አመጡት። ፊትህ ጥፊ እንደቀመሰ ልጅ ሆነ። «ጋሼ፣ ይኸ እኮ ደም የፈሰሰበት ነው የሚመስለው» አልካቸው። እሳቸውም «አንተ ያላለቀ ኮት ላይ መርፌ ሰክተህ አታውቅም?» አሉህ። ከዚያ በኋላ ተዋደዳችሁ።

ሊሄዱ ሲሉ የተናገሩትን ግን አንተ ረስተኸው ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም። «አንድ ደራሲ መሃል ላይ ሞቶብኝ፣ ወራሾቹ ተጣልተው፣ ረቂቁ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ጣጣ ውስጥ አልገባም ብያለሁ። አደራ፣ አንተ ደግሞ እንዳትሞትብኝ!» አሉህ። አንተ ኮትህን አሳይተሃቸው «ይህን ሳልጨርስ የት እሄዳለሁ?» አልክ። ሁለታችሁም ሳቃችሁ። እኔ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ግን የያዝኩት ቁልፍ ከእጄ ወደቀ።

የዚያን ማክሰኞ ጥቁር ክር አልቆብህ ላክኸኝ። ስመለስ ግንባርህን መኪናው ላይ አሳርፈህ ነበር። የደከመህ መስሎኝ ክሩን አጠገብህ አስቀምጬ፣ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁህ። ስንት ደቂቃ እንደጠበቅሁህ አላውቅም። ዝም ብሎ መቀመጥ ስለምችልበት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቶሎ ያናግርህ ነበር።

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት ስልክህ ላይ መልእክት ገባ። «ወንድሜ ታደሰ፣ አለህ? ሦስተኛውን ምዕራፍ ጨርሻለሁ» ይላል። ጋሽ ዘርጋውን ከእኔና ካንተ በቀር የሚያውቃቸው ስለሌለ ማንም አልነገራቸውም። ነገሩ አሳሰበኝ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንተው አስተምረኸኛል። ሳይነጋ፣ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ ሰውየውን አስቀምጠው ነው። በጽሑፍ አይነገርም፤ ልጅም አይናገረውም። ትልቅ ሰው ፈልጌ ልልክ አሰብኩ። ከዚያ ያ መሳቢያ ታወሰኝ። ድምፅህ ወረቀት ሆኖ፣ ታጥፎ፣ ሳይነበብ ከሌላው ሟች ወረቀት ጋር ጨለማ ውስጥ ተደራርቦ ታየኝ።

«አለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቃል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰባት ወር አንተን ሆኜ ቆየሁ።

እሳቸው እግራቸው ስለማይመቻቸው ሱቅ መምጣት ትተው የታረሙትን ገጾች ፎቶ እያነሱ ይልካሉ፤ እኔ አስተካክዬ እመልሳለሁ። መጀመሪያ «እሺ» እና «ይሁን» ብቻ ነበር የምጽፈው። «ምነው ዝምተኛ ሆንክ? ያኔ ሱቅህ ውስጥ አፍህ አያርፍም ነበር» አሉኝ። ደነገጥኩ። ስለዚህ አርባ ሦስቱን ቀረጻዎችህን፣ ከማክሰኞው በቀር፣ እንደገና እየሰማሁ አከራከርህን ማጥናት ጀመርኩ። አንተ እንቢ ስትል እንቢ አትልም። «ይውጣ ካሉ ይውጣ ጋሼ፣ ሰውየው ግን ብርድ ይመታዋል» ትላለህ። እንደዚያ እያልኩ ጻፍኩላቸው። ወደዱት። ይስቃሉ፤ ይሳደባሉ፤ «አንተ ግትር!» ይሉኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ያወራሁት ሰው የለም። ያወራሁት ግን እኔ አልነበርኩም።

አንዳንዴም እንዲቆረጥ የማትፈልገውን አስቆረጡኝ። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ጎረቤቲቱ ኮቱን ለእኔ ስጠኝ እያለች ስትጨቀጭቀው ልብስ ሰፊው የሚመልሳት አለ፤ «እሱስ ገብቶኛል። ትንሽ ቀን ይስጡኝ እንጂ፤ ያላለቀ ነገር ከእጄ አይወጣም» የሚለው። ጋሽ ዘርጋው «ሰውየው ይህን በሥራው አሳይቶናል፤ በአፉ መድገም የለበትም፤ ሰርዘው» አሉ። ልክ ናቸው። ሰረዝኩት። ስሰርዘው ግን አፍህን በመዳፌ የያዝኩት መሰለኝ። ያን ቀን የሰው ቀሚስ ጫፍ ልሰፋ መኪናህ ላይ ስቀመጥ ክሩ ሦስቴ ተበጠሰብኝ። መርፌውን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ትቼው ተነሳሁ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እማዬ ከገበያ ስትመለስ ድምፅህን ሰማችው። እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ ቀረጻውን ከፍ አድርጌ ነበር። የመኪናው ድምፅ፣ ከዚያ አንተ ጉሮሮህን ስትጠርግ። የያዘችውን ቲማቲም ለቀቀችው። በሩ ላይ ቆማ «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» አለች። ስልኩን ስታይ ደግሞ ከድንጋጤው ቁጣው ባሰ። «የሞተ ሰው አይጠራም ሣራ! ኃጢአት ነው! አጥፊው!» አለችኝ።  ቲማቲሙን አብረን ለቀምን። በማግስቱ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ግን አፌን አፌን ታየኛለች። «ከንፈርሽን እንደሱ አታድርጊ» ትለኛለች። ምን እንዳደረግሁ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን በመስታወት አየሁት። አንተ ስታስብ ስፒሉን በከንፈርህ ነክሰህ ትይዛለህ። እኔም ስጽፍ እንደዚያ እያደረግሁ ነው፤ በአፌ ውስጥ ግን ምንም ስፒል የለም። በዚያው ሳምንት ጋሽ ዘርጋው አሥራ ስምንተኛውን ምዕራፍ ሲመልሱ ከታች እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይልቅ አሁን አንተን እየመሰልክ መጣህ።» ስልኩን ገልብጬ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ብዙ ሰዓት አልነካሁትም።

የመጨረሻው ምዕራፍ የማክሰኞው ቀረጻ ነው። እሱን የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም እስከ መሃሉ ነው። ልብስ ሰፊው የመጨረሻው ቤት ይደርሳል፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኮቱን ወደ ጨለማው ይዘረጋል። «አንድ እጅ ከውስጥ ተቀበለው ወይስ ራሱ ለቀቀው፣ አላወቀም» ትላለህ። መኪናው ይቆማል። ከዚያ ድምፅህ ሌላ ይሆንና «ሣራ፣ አለሽ?» ትላለህ። እዚያ ላይ አጠፋሁት። ክር ልገዛ ሄጄ ነበራ። ጠርተኸኝ ነበር፤ አልነበርኩም። ይህን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እጄ ግን እንዳስተማርከው የሰማውን ሁሉ ጽፎ ኖሯል። መልሼ ሳላነብ ላክሁት።

መልሳቸው በማግስቱ መጣ። «ወንድሜ፣ መጨረሻው ፀጉሬን አቆመው። ግን ሣራ ማን ናት? በሃያ ሁለት ምዕራፍ ውስጥ አንድ ጊዜም አልታየችም። ከየት መጣች? ወይ ከመጀመሪያው አስገባት፣ ወይ ከዚህ አስወጣት።»

አባዬ፣ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ደጋግሜ አነበብኩት። ከየት መጣሁ? ሁልጊዜ እዚያው ነበርኩ፤ በርጩማው ላይ። በየቀረጻው ውስጥ አለሁ፤ ግን ዝም ስለምል አልሰማም። «ትውጣ። በስህተት የገባች ናት» ብዬ በስምህ መለስኩላቸው።

«አይሆንም» አሉ። «ከመጽሐፉ ሁሉ ድምፅህ የተለወጠው እሷን ስትጠራ ነው። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ በአፍህ ንገረኝ። ሳትነግረኝ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም።»

ስልክ ማንሳት እንደማልችል ታውቃለህ። ደንበኛ ሲደውል እንኳ ሮጬ ለአንተ ነበር የማቀብልህ። ባላነሳ ይጠረጥራሉ፤ ባነሳ መጽሐፉ መሳቢያ ይገባል። ስለዚህ ቀረጻዎችህን እማዬ ስልክ ላይ ገለበጥኩና ለሁሉም ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ፈለግሁ። አገኘሁ። እማዬ ጸሎት ፕሮግራም ሄዳለች። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልክህ ጮኸ።

«ወንድሜ! ድምፅህ ናፍቆኝ! እሺ፣ ይቺ ልጅ ማን ናት? ትግባ ወይስ ትውጣ?» አሉ።

ሁለቱን ስልኮች አፍ ለአፍ አጋጠምኳቸው። መኪናህ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንተ፣ እንደ ሁልጊዜህ ረጋ ብለህ፣ «እሱስ ገብቶኛል። ትንሽ ቀን ይስጡኝ እንጂ፤ ያላለቀ ነገር ከእጄ አይወጣም» አልካቸው።

 ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ይህን እኮ…» አሉ ቆይተው። «ይህን ዓረፍተ ነገር ሰርዘነዋል።»

ረስቼው ነበር፤ በገዛ እጄ የሰረዝኩትን!  «ታደሰ?» አሉ አንዴ። መኪናህ ብቻ መለሰላቸው። ደግመው አልጠሩህም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሣራ… አንቺ ነሽ?» አሉ።

«አዎ» አልኩ። ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣኝ፤ ግን ሰሙት።

«አባትሽስ፣ ልጄ?»

በቀን፣ በስልክ፣ ያለ ሽማግሌ፣ እኔ ልናገረው ሆነ። መናገሩንም አልቻልኩበትም። «ክር ልገዛ ሄጄ ነበር» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልወጣኝም። እሳቸው ግን ገባቸው። «ወይኔ ወንድሜን» ሲሉ ሰማሁና ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኳ። እማዬ ስትከፍት አንድ አንካሳ ሽማግሌና ሚስታቸው ነጠላቸውን የለቅሶ አጣፍተው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ምን እንደሚያመጣ ስለምታውቅ «ደግሞ ማን ሞተብኝ!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ዘርጋው «አይዞሽ እህቴ፣ መርዶ አላመጣሁም። የራሴን መርዶ ልቀበል ነው የመጣሁት» አሏት። ቤቱን በዋዜማው ክር መሸጫው ጋ ጠይቀው ነበር ያገኙት። ገብተው፣ መኪናህን አይተው፣ ግንባራቸውን በዘንጋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እማዬ ነገሩን ሁሉ ያን ጊዜ ሰማች። እኔ ከኮትህ አጠገብ በሩ ጀርባ ተደብቄ ነበር፤ ስለ መሳቢያው እስኪናገሩ እየጠበቅሁ።

ውኃ ጠጥተው «ነይ እስቲ» አሉኝ። ወጣሁ። «ሰባት ወር ሙሉ ከሞተ ሰው ጋር ስከራከር ከረምኩ። ያውም አሸነፈኝ» አሉና በእንባቸው መሃል ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠነከረ። «መጽሐፉ መሳቢያ አይገባም። በውሸትም አይወጣም። ‹ስለ ደራሲው› የሚለውን ገጽ አንቺ ትጽፊያለሽ፤ ማረፉንም፣ ማን ሰምቶ እንደጻፈለትም። ሣራን ግን ላስወጣት አልችልም፤ እንዲህ አንጠልጥዬም አልተዋትም። ቀረጻው እዚያው ላይ ነው የሚያበቃው?»

አያበቃም። ስልኩ ምስማሩ ላይ ሆኖ መቅዳቱን አላቆመም ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰምቼው እንደማላውቅ፣ እንደማልችልም ራሴን እየነቀነቅሁ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ማን «አምጪው» እንዳለ ታምናለህ? እማዬ ናት። አጠገቧ አስቀምጣኝ እጄን ያዘችኝ።

«ሣራ፣ አለሽ?» አልክ።

ከዚያ የመኪና ጥሩምባ፣ የታክሲ ጥሪ፣ የሰው ጫጫታ። በዚያ ሁሉ መሃል፣ ከሩቅ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሴት ልጅ ድምፅ ጮክ ብሎ «አለሁ አባዬ! መጣሁ!» አለ።

መኪናህ ተነሳ። አራት ጊዜ ሰፋ። ቆመ። ከዚያ ብዙ ዝምታ፤ ከዚያ የእግሬ ኮቴ፤ ከዚያ በርጩማው ሲንቋቋ። እማዬ እዚያ ላይ አጠፋችው።

ጋሽ ዘርጋው የእኔ ድምፅ ነው ይላሉ። እማዬም «ልጄን አላውቃትም እንዴ?» ትላለች። እኔ ግን አልመለስኩም፤ መጥራትህንም አልሰማሁም። መንገድ ተሻግሬ እንደዚያ ጮክ ብዬ የተናገርኩበት አንድ ቀን በሕይወቴ የለም። ስለዚህ ማን እንደመለሰልህ አላውቅም።  ግን አራቱ ስፌት ከድምፁ በኋላ ነው የመጣው። አንድ ሰው መልሶልሃል፤ አንተም ሰምተኸው ወደ ሥራህ ተመልሰሃል። ይኸ ይበቃኛል።

የሰማሁትን ሁሉ እንዳስቀምጥ ስላዘዝከኝ ከአንተ መጨረሻ ቀጥዬ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «‹አለሁ› አለች ሣራ» የሚል። ጋሽ ዘርጋው ቀይ እስክሪብቶአቸውን ይዘው ብዙ አዩት። ከዚያ ክዳኑን ገጠሙት።

መጽሐፉ አሁን ማተሚያ ቤት ነው። ስለ አንተ የጻፍኩት ገጽ አምስት መስመር ብቻ ነው፤ ማረፍህን የሚናገረው መስመር ላይ ሦስት ቀን ፈጀሁ። የኮትህን ሁለተኛ እጅጌ ትናንት ጀመርኩት። ክሩ አልተበጠሰም። ለምርቃቱ በክንዴ ይዤው እሄዳለሁ። ሰው የማን ኮት ነው ብሎ ከጠየቀኝ፣ ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ። ጮክ ማለት እንደምችል ማስረጃ አለኝ።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ እሱማ በእኔ ፈቃድ አይደለም፤ ከንፈሬ እንኳ አልረሳህም። የምገባልህ ቃል ሌላ ነው። ያን ምስማር እዚህ ቤት፣ ከመኪናው በላይ መትቼዋለሁ፤ ስልክህንም በከረጢቱ ሰቅዬዋለሁ። ስሰፋ መሃል ላይ እያቆምኩ «አለሁ» እላለሁ። ከእንግዲህ መጥራትህን ባልሰማም እመልሳለሁ።

ልጅህ ሣራ